ነጭ በቆሎ ለወፍጮ፦ ጠንካራው ይሻላል ወይስ ለስላሳው?

ወፍጮ ቤት የሚወሰድ በቆሎ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው ትልቅነቱንና ንጣቱን ነው። ሁለቱም ስለ ዱቄቱ ብዙ አይናገሩም። የዝርያ ስምም አያስተማምንም። ሻጩ «ቢኤች 661 ነው» ቢልም እህሉ ከብዙ ገበሬ ተሰብስቦ ስለሚደባለቅ ስሙን ከማመን ይልቅ ፍሬውን በቢላ ሰንጥቆ ማየት ይሻላል።

አሥር ፍሬ ወስዳችሁ ለሁለት ሰንጥቁ። ጠርዙ ላይ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ኖራ የነጣ ክፍል ታያላችሁ። መስታወት የሚመስለው ሁለት ሦስተኛውን ከያዘ በቆሎው ጠንካራ ነው። ኖራው እስከ አናቱ ከዘለቀ ግን ለስላሳ ነው። የዚህኛው አናት የሚጎደጉደውም ለስላሳው ክፍል ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ነው።

ለስላሳው በአንድ ዙር ደቆ ይወጣል፤ ለገንፎና ለቂጣ ዱቄት እሱን እንመርጣለን። ለክክ ግን አይሆንም። ሲሸከሸክ ይፈረካከስና ግማሹ ከገለባው ጋር ይሄዳል። ለክክና ለቅንጬ ጠንካራውን የሚተካ የለም። እሱን ዱቄት ማድረግ ከፈለጋችሁ ግን ባለ ወፍጮው መጀመሪያ ድንጋዩን ከፈት አድርጎ ይከካው፣ ከዚያ አጥብቆ ይድገመው። ከመነሻው ከጠበቀ ድንጋዩ ይግላል፣ ዱቄቱም የማረር ሽታ ይይዛል።

ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለበት በቆሎ ዋጋው ቢረክስም አንገዛውም። መሸክሸኪያው ለትልቁ ሲስተካከል ትንሹ ገለባው ሳይለቅ ያልፋል፤ ለትንሹ ሲጠብቅ ትልቁ ይሰባበራል። በእሳት ሙቀት በፍጥነት የደረቀ እህልም እንዲሁ ያስቸግራል። ፍሬውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብታዩት ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል፤ እንዲህ ያለው ክክ ሳይሆን ብናኝ ይሆናል።

ክብደቱን ለመመዘን የአንድ ሊትር ዕቃ ሳትነቀንቁ ሙሉና በዱላ አስተካክሉት። 720 ግራምና ከዚያ በላይ ከመዘነ ጥሩ ነው። ከ670 በታች ከሆነ ወይ ሳይጎመራ ተሰብስቧል ወይ ነቀዝ በልቶታል፤ ብትሸከሽኩት የሚተርፋችሁ ገለባ ነው።

እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ ከሌለ ደረቅ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በበቆሎ ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ነቅንቃችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። እንዲህ ያለው ሲፈጭ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ ሲቀመጥም ይሻግታል። የሻገተ ፍሬ ካገኛችሁ ኩንታሉን ተዉት፤ የሻጋታው መርዝ በመፍጨትም በማብሰልም አይጠፋም።

ድንጋዩ ገና የተወቀረ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎዎች ለብቻ አውጡ፤ የድንጋይ ብናኝ ይኖረዋል። ትኩሱን ዱቄት ወዲያው ጆንያ ውስጥ አትቋጥሩት፤ ላብ ይይዝና ይጓጉላል። ሳይሸከሸክ የተፈጨውን ደግሞ ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ብቻ አስፈጩ። የበቆሎው ዘይት የሚበዛው የሚያቆጠቁጠው ልቡ ላይ ስለሆነ፣ እሱ አብሮ ሲፈጭ ዱቄቱ ቶሎ ይመራል።