ኮራል ወይስ የዓሣ አጥንት? ለአጥንት ጥገና የትኛው ይሻላል?

የተጎዳ አጥንትን ለመሙላት ከሚተከሉት ነገሮች አንዱ ኮራል ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል አጽም ማለት ነው። የኮራልን ቁራጭ በአጉሊ መነጽር ስታዩት ከአጥንት ውስጠኛው ክፍል ጋር ይምታታባችኋል። እርስ በርስ የተያያዙ ቀዳዳዎች ሞልተውታል። ፖራይትስ በተባለው ዝርያ ስፋታቸው 200 ማይክሮሜትር (0.2 ሚሊሜትር) ገደማ ነው። ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው፤ የደም ሥርና አዲስ አጥንት ሰርገው የሚገቡት በነዚህ ቀዳዳዎች ነው።

ችግሩ ኮራል የተሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት መሆኑ ነው። የእኛ አጥንት ማዕድን ደግሞ ካልሲየም ፎስፌት ነው። ኮራሉ እንዳለ ቢተከል፣ አንዳንዴ አዲሱ አጥንት ሳይደርስ ሟሙቶ ያልቃል። ሮይና ሊነሃን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. መላ አሳዩ። ኮራሉ ፎስፌት በሟሟበት ውሃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ሲቆይ፣ ቀዳዳዎቹ ሳይበላሹ ወደ ሃይድሮክሲአፓታይት፣ ማለትም የአጥንታችንን ማዕድን ወደሚመስል ካልሲየም ፎስፌት፣ ይቀየራል። በጣም የሚገርም ሥራ ነው።

የዓሣ አጥንት ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ማዕድኑ ከመነሻው ካልሲየም ፎስፌት ነው። ሥጋውና ስቡ ይጸዳል፤ ከዚያ ከ600 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እቶን ይቃጠላል። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ግራጫ ይሆናል፣ በመጨረሻ እንደ ኖራ ይነጣል። ብዙውን ጊዜ የሚፈጨው ወደ ዱቄት ስለሆነ ግን ቀዳዳውን ባለሙያው ራሱ መሥራት አለበት።

እኔ ለዓሣ አጥንት አደላለሁ። ኮራል በዓመት የሚያድገው ጥቂት ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም ቁጥጥር አለበት። የዓሣው አጥንት ግን ያው የሚጣል ነው።