የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስጠኚ ለምትፈልጉ፣ ለእኛም ጋሼ ምስጋና

ይህን ነገር ከመስከረም ጀምሮ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ የመጀመሪያው ሰሚስተር ውጤት እስኪወጣ ጠበቅኩ። ሰውን ቀድሞ ማወደስ አልወድም። ውጤቱ ወጣ፣ ልጄ በ11ኛ ክፍል ፊዚክስ 84 አመጣች፣ እኔም አሁን አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታላቅ ወንድሟ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ በፊዚክስ 88 ነበረው። ናቹራል ገባ፣ ደስ አለን። የ11ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሰሚስተር ካርድ ሲመጣ 51! ልጁ ደግሞ አልሰነፈም፣ ሌሊቱን ደብተር ላይ ነበር የሚያድረው። ችግሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ ፎርሙላ ሸምድዶ ቁጥር እየከተተ ያልፍ ነበር። 11ኛ ላይ ቬክተሩ ሲመጣ፣ እንቅስቃሴው በሁለት አቅጣጫ ሲሆን፣ ጥያቄው ራሱ የትኛውን ፎርሙላ እንደሚፈልግ አይነግርህም። ደንግጠን አንድ ማስጠኛ ቤት አስገባነው፣ ስሙን አልጠራም። አንድ ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ፣ የተባዛ ወረቀት፣ መልሱ ከጀርባው። ገንዘቡ ሄደ፣ ልጁ ያው ነው። ከፊቱ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ የማያስታውስ ወላጅ የለም።

ስለዚህ ታናሿ 10ኛን ስትጨርስ ክረምቱን እንዲሁ አላሳልፈውም አልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ጠቆመችኝ። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የ11ኛን መጽሐፍ ቀደም አድርገው ቢያስጀምሩልኝ።»

«አላስጀምርም። መጽሐፉን መስከረም ላይ አስተማሪዋ ይጀምርላታል። እኔ የምሠራው ሌላ ነው። ካልተስማማሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ግን ሌላ ሰው አልነበረኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ፊዚክስ የሚባል ነገር አልነካችም። ከፎርሙላ ውስጥ የተፈለገውን ፊደል ለብቻው ማውጣት፣ ሳይንና ኮሳይን፣ የግራፍ ስሎፕ፣ ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሰከንድ መቀየር፣ ይኸው ነው። ቁጥር እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አይገባም። መጀመሪያ በፊደል ትሠራለች፣ ዩኒቱን ትፈትሻለች፣ ቁጥር ከዚያ በኋላ ነው። ሥዕል ያልተሣለበት መልስ ልክ ቢሆንም ኤክስ ነው። «እማ፣ የማትስ አስጠኚ ነው እንዴ ያመጣሽብኝ?» ብላ ተነጫነጨችብኝ። እኔም በልቤ እንደሷ እያልኩ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ የሐምሌ ከሰዓት ነው። ልወስዳት ሄጄ ዝናቡ አላስወጣ አለን። ትንሽ ረገብ ሲል ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ በሩ መሄድ ስትጀምር ጋሼ ከበረንዳው «ቁሚ!» አሏት።

«ዝናቡ እንዴት ነው የሚወርደው?»

«ቀጥ ብሎ።»

«ታዲያ ጃንጥላሽን ለምን ወደፊት አዘነበልሽው?»

ዝም። እኔም ዝም። ይህን ሁሉ ዓመት ጃንጥላ ወደፊት አዘንብዬ ስሄድ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ንፋስ የለም እኮ! ተመልሰን ተቀመጥን። «አንቺ በሰከንድ 1.5 ሜትር ትራመጃለሽ፣ ጠብታው በሰከንድ 6 ሜትር ይወርዳል እንበል» አሉ። «አንቺ ወደ ዝናቡ ስትሄጂ ዝናቡም በዚያው ፍጥነት ወደ ፊትሽ ይመጣል።» አንዱን ቀስት ወደታች፣ አንዱን ወደ ጎን ሣለች፣ አገናኘቻቸው፣ በታንጀንት አሰላችው። 14 ዲግሪ ገደማ። «ብትሮጪስ?» ሲሏት ሳታሰላ «የበለጠ አዘነብላለሁ» አለች። በወንድሟ ደብተር ላይ አራት ገጽ የፈጀው ቬክተር ለእኔ ለራሴ የገባኝ ያን ቀን፣ ባለቤታቸው ያቀረቡልንን ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው።

ቀጥሎ የቤት ሥራ ሰጧት። የምድርን ስበት ቤትሽ ለኪ! ከበራችን ላይ ጓጉንቸር ፈታች፣ አንድ ሜትር ክር ላይ አንጠልጥላ አወዛወዘችው፣ በስልክ ሰዓት ያዘች። ሄዶ ለመመለስ 2.2 ሰከንድ ፈጀ፣ ስሌቱ ለስበቱ 8.2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ ሰጣት። መልሱ 9.8 እንደሆነ ስለምታውቅ ደብተሯ ላይ 9.8 ልትጽፍ ስትል አየኋት፤ ምንም አላልኳትም፣ ራሷ ተወችው። በማግስቱ ጋሼ 8.2ን አይተው አልተቆጡም። «ስህተቱ የአውራ ጣትሽ ነው» አሏት። ሰዓቱን ስትነኪ 0.2 ሰከንድ ብትዘገዪ ለአንድ ውዝዋዜ ብዙ ነው፣ 20 ጊዜ ቆጥረሽ ለ20 ብታካፍይው ግን ስህተቱም አብሮ ይካፈላል። እንዳሏት አደረገች። 40.2 ሰከንድ፣ ሲካፈል 2.01፣ ስበቱ 9.77 ሆነ። ቤቱን በጩኸት አናወጠችው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ለምድር ወገብም ስለምትቀርብ ከ9.8 ትንሽ ዝቅ ማለቱ ትክክል ነው አሏት፣ ግን ወዲያው ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሱባት፦ «ክሩን በአንድ ሳንቲ ሜትር ብትሳሳቺ እኮ 0.1 ይለወጥብሻል። አንዴ ቀናሽ ማለት ለካሽ ማለት አይደለም። ድገሚ።» ደገመች። አምስት ጊዜ።

ልጄ አሁን ጥያቄ ስታይ ካልኩሌተር አታነሳም። እርሳስ ነው የምታነሳው። ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ስለ ተዳፋት ላይ ስለሚንሸራተት ሳጥን ሲያስተምር ቀስቶቹን ቀድማ ሥላ እንደጠበቀችው ነገረችኝ። መጽሐፉን ግን ክረምቱን በሙሉ አልከፈተችውም፣ ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ለምትፈልጉ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱ። ቤት ድረስ አይመጡም፣ ልጁ ነው የሚሄደው። በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት የተሰጠ የቤት ሥራ አይሠሩም፣ ለምነናቸው አይተናል። ሁለት ሳምንት ቀርቶት «ለፈተና አድርሱልኝ» የሚል ተማሪ ይመልሳሉ። ቁጡ ናቸው የሚሉ ወላጆች ገጥመውኛል፤ ቁጡ እንኳን አይደሉም፣ ልጁ ያልገባውን «ገብቶኛል» ሲላቸው ግን ፊታቸው ይጠቁራል። ክፍያው ለወንድሟ ማስጠኛ ቤት ከከፈልነው ያንሳል።

ጋሼ፣ ይህን ልጄ ታነብልዎታለች። እግዜር ይስጥልን። እትዬንም፣ ለቆሎው ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ጭቃ ያስቀራትን ልጅ ደውለው ስለሚፈልጉም።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ አይወዱም። የልጃችሁን ክፍል ጽፋችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የክረምቱ ቦታ ግንቦት ላይ ስለሚሞላ አትዘግዩ። ጓጉንቸራችን እሳቸው ዘንድ ቀርቷል፣ የሚቀጥለው ልጅ ይጠቀምበት።