.22 ሎንግ ራይፍል፣ .17 ኤችኤምአር ወይስ .22 ማግነም? ለዒላማም ለማሳም የሚሆነው የትኛው ነው

ቨርጂኒያ ውስጥ ቁራሽ መሬት የገዛ ወይም ገበሬ ወዳጅ ያለው ሰው የመጀመሪያ ጠመንጃውን ሲያስብ ሁለት ሥራ ይደርብበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ሊለማመድበት፣ ሰመር ሲገባ ደግሞ አኩሪ አተሩን የሚጨርሰውንና በጎተራው ሥር ጉድጓድ የሚምሰውን ግራውንድሆግ (ወፍራም፣ አይጥ መሰል የዱር እንስሳ) ሊመታበት። ለሁለቱም የሚበቃው ሪምፋየር ነው። የሪምፋየር ማቀጣጠያ የተቀባው በቀለሁ መቀመጫ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ ጥይቱ ርካሽና ርግጫው ቀላል ነው፤ በዚያው ልክ ቀለሁ አንዴ ከተተኮሰ ተመልሶ አይሞላም። ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት የሚሰለፉት ሦስት ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም።

ለልምምድ .22 ሎንግ ራይፍል ተወዳዳሪ የለውም። ከ1887 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰው እሱው ሲሆን፣ እዚያ የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ስለሆነ በትክክል አይመታም» የሚል ሰው ጥፋቱን ከጥይቱ ሳይሆን ከመረጠው ፓኮ ይፈልግ። ለዒላማ የሚገዛው 40 ግሬን ክብደት ኖሮት በሰከንድ 1070 ጫማ ገደማ የሚወጣው ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ነው። ፈጣኑ፣ በሰከንድ 1235 ጫማ የሚወጣው፣ ኃይሉ ከፍ ቢልም 100 ያርድ ሳይደርስ ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል፤ በዚያ መሻገሪያ ላይ አየሩ ስለሚያንገላታው ከጎን በሚነፍስ ነፋስ ከዝግተኛው ይልቅ የሚገፋው እሱ ነው። ይህን ብዙ ሻጭ አይነግርም።

የ.22 እርሳስ ሰም ወይም ቅባት የተቀባ ስለሆነ ጣት ላይ ይቀራል፤ በርሜሉ ውስጥም እንዲሁ። የጥይት ዓይነት ሲቀየር የመጀመሪያዎቹ አሥርና ሃያ ተኩሶች ቢበታተኑ የጠመንጃውን መነጽር ለማስተካከል አትቸኩሉ። አሮጌው ሰም እስኪለቅ፣ አዲሱ እስኪይዝ ነው። አራት አምስት ዓይነት ከ50 ጥይት ፓኮ እየገዙ በ50 ያርድ መሞከርና ጠመንጃው የወደደውን 500 ጥይት በሚይዘው ፓኮ መግዛት ከማንኛውም መለዋወጫ ይበልጣል።

ለማሳ ሲሆን ግን ገደቡ ቶሎ ይመጣል። በ50 ያርድ የተስተካከለ ፈጣን .22፣ 100 ያርድ ላይ ወደ 6 ኢንች ይወርዳል። የግራውንድሆግ ጭንቅላት ከዚያ ያነሰ ነው፤ ርቀቱን በ15 ያርድ የሳተ ሰው እንስሳውን አቁስሎ ወደ ጉድጓዱ ይሰደዋል። ከ50 ያርድ ወዲህ ጭንቅላቱን መምታት ለሚችል በቂ ነው። ከዚያ ወዲያ ባይሞከር ይሻላል።

.17 ኤችኤምአር የመጣው በ2002 ሲሆን፣ ሆርናዲ የተባለው ጥይት ሠሪ የ.22 ማግነምን ቀለህ አንገቱን አጥብቦ የሠራው ነው። 17 ግሬን ብቻ የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 2550 ጫማ ይተፋል። በ100 ያርድ ካስተካከሉት በ150 የሚወርደው 2 ተኩል ኢንች ያህል ነው፤ በ200 ግን 8 ተኩል ኢንች ይደርሳል። ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይዞት ይሄዳል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በሰዓት 10 ማይል በሚነፍስ የጎን ነፋስ 100 ያርድ ላይ 4 ኢንች ገደማ ይገፋል፤ 40 ግሬኑ ማግነም ከዚያ በላይ ይገፋል። ሌላው ጥቅሙ ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ስለሚፈርስ፣ ድንጋይ ነክቶ የመንጠር አደጋው ከ.22 እርሳስ ያነሰ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ከኋላ የአፈር ግድብ ሳይኖር አይተኮስም፤ የ.22 እርሳስ እንኳ ከአንድ ማይል በላይ ይሄዳል።

የ.17 ሕመሙ አንገቱ ላይ ነው። ነሐሱ ሲጠብብ ስለሚጨነቅ፣ ፓኮ ውስጥ እንደተቀመጠ የሚሰነጠቅ አለ። ከማጉረስ በፊት ጥይቱን በብርሃን አዙሮ ማየት ነው፤ ከአፉ ወደ ትከሻው የሚወርድ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ከታየ፣ ወይም ጫፉ በጣት ሲነካ ከተወዛወዘ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ ይጣል። በግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ደግሞ መዝጊያው ግፊቱ ሳይበርድ ከተከፈተ ቀለሁ ይፈነዳል፤ ቀለል ባለ የ.22 አሠራር ላይ የተገነቡት ላይ የታየ ችግር ነው። ጠመንጃ ሠሪው ሳቬጅ በ2015 ያወጣው ኤ17 መዝጊያውን የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ለ.17 በእጅ የሚቀባበል ቢሆን እመርጣለሁ። የማጽጃ ዘንጉም ለብቻው የ.17 መሆን አለበት፤ የ.22ው አይገባም። ጥይቱ በመዳብ የተለበጠ ስለሆነ በርሜሉ የሚፈልገው የመዳብ ማሟሚያ ነው።

.22 ማግነም፣ የ1959ኙ፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ከሦስቱ ኃይለኛው ነው፦ 40 ግሬን፣ በሰከንድ 1875 ጫማ፣ 312 ፉት-ፓውንድ ኃይል፤ .17 ኤችኤምአር 245 ነው። 100 ያርድ ላይ ግን ልዩነቱ ይሟሽሻል። ከግራውንድሆግ ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ ቀበሮ፣ በቅርብ ለሚመታ ሰው ትርጉም አለው። ለዒላማ ግን ዋጋው ከ.22 ሎንግ ራይፍል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ተኩሱንም እንደ .17 አንድ ቦታ አይሰበስብም። ሁለት ሥራ ለሚፈልግ ሰው የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ .22 ሎንግ ራይፍልን በማግነም ጠመንጃ አትተኩሱ። መጉረሻው ሰፊ ስለሆነ ይገባል፤ ቀለሁ ግን ተሰንጥቆ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ሌሎቹ ሪምፋየሮች፣ .17 ማክ 2 እና .17 ደብሊውኤስኤም፣ ጥሩ ጥሩ ናቸው፤ ጥይታቸውን የማያጣ ሱቅ አጠገባችሁ ከሌለ ግን እለፏቸው።

አንዱን ገዝቶ ሌላውን ላለመተው ሲዜድ 457 የተባለው ጠመንጃ ይመቻል። በርሜሉ በሁለት ብሎን ስለሚያዝ ከ.22 ወደ .17 ኤችኤምአር መቀየር ይቻላል፤ ካዝናውም አብሮ ይቀየራል፣ መነጽሩም እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። ለልምምድ ብቻ ከሆነ ሩገር 10/22 መለዋወጫው የትም የሚገኝ፣ ካዝናው አሥር ጥይት የሚይዝ ነው። መነጽር ስትገዙ ለሪምፋየር የተሠራውን፣ ፓራላክሱ (ዓይን ስትዛነፍ መስቀሉ የሚዛነፍበት ስህተት) 50 ያርድ ላይ የተስተካከለውን፣ ወይም በእጅ የሚስተካከለውን ያዙ። የትልቅ ጠመንጃ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ያርድና ከዚያ በላይ የተስተካከለ ስለሆነ፣ 50 ላይ ዓይን ትንሽ ስትዛነፍ መስቀሉም ይዛነፋል።

ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ አውጥታችሁ ጠርዙ ላይ የመርፌውን ምልክት እዩ። ጥልቅ ከሆነ ማቀጣጠያው በዚያ በኩል አልዳረሰም፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ለስላሳ ከሆነ መዝጊያው ቆሽሿል ወይም ስፕሪንጉ ደክሟል። የተኩሱ ድምፅ ደከም ካለ ደግሞ አታጉርሱ፤ ጠመንጃውን አራግፋችሁ በርሜሉ ውስጥ የቀረ እርሳስ እንዳለ እዩ።

በሕግ በኩል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በግል መሬት ላይ ግራውንድሆግ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል፤ በራሱ መሬት ላይ ለማይሆን ሰው ግን የአደን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለአጋዘን የሚፈቀደው ጠመንጃ .23 ካሊበርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው፤ ለዒላማ አይመለከትም። እርሳስ የሌለው .22 አለ፣ ለምሳሌ ሲሲአይ የሚሠራው 21 ግሬኑ ኮፐር-22፤ እሱም ቀላል ስለሆነ ከልምምዱ ጥይት ሌላ ቦታ ያርፋል፣ መነጽሩን በእሱ ሳታስተካክሉ ወደ ማሳ አትውጡ። ግሪን ካርድ ያለውና 18 ዓመት የሞላው፣ ሌላ የሕግ እንቅፋት ከሌለበት፣ ፈቃድ ካለው ሱቅ ቅጽ 4473 (የፌዴራሉን የጠመንጃ መግዣ ቅጽ) ሞልቶ ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን በጥቅሉ አይችልም፤ ሕጉ ከሚቀበላቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የአደን ፈቃድ ነው፤ ሱቁ ሲጠይቅ በእጅ መኖር አለበት።