የሲአርኤንኤ ኢንተርቪው ዝግጅት አገልግሎቶች ግምገማ፦ የቱ ይከፈልበታል?

በአሜሪካ ለነርስ አኔስቴዥያ ትምህርት ቤት (ማደንዘዣ የሚሰጥ ነርስ፣ ማለትም ሲአርኤንኤ፣ ለሚሰለጥንበት) መግቢያ ኢንተርቪው የሚሸጠው ዝግጅት ስሙ ብዙ ነው እንጂ ዓይነቱ ሦስት ብቻ ነው፦ የጥያቄና መልስ ጥቅል፣ የተቀረጸ የቪዲዮ ኮርስ፣ እና በዙም ከሰው ጋር የሚደረግ ሞክ (የልምምድ) ኢንተርቪው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ገንዘብ የሚገባው ሞክ ኢንተርቪው ነው፤ እሱም ጠያቂው ከመጀመሪያው መልስ በኋላ “ለምን?” እያለ የሚቆፍር ከሆነ ነው። ካልቆፈረ ውድ ፍላሽካርድ (የጥያቄና መልስ ካርድ) ገዛችሁ ማለት ነው።

ለኢንተርቪው የተጠራ ሰው ወረቀቱ ታይቶ አልፏል። ቢያንስ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ የክሪቲካል ኬር (የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ) ልምድ አለው፣ ላይሰንሱ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚፈልጉትን ሲሲአርኤን የተባለውን የክሪቲካል ኬር ነርስነት ማረጋገጫም አብዛኛውን ጊዜ ይዟል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚማረው በዶክትሬት ደረጃ ነው፤ ፕሮግራሙም ቢያንስ 36 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ፓነሉ (የጠያቂዎቹ ቡድን) ማየት የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ እውቀታችሁ ምን ያህል ሥር እንዳለው፣ የማታውቁት ቦታ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ምን እንደምትሆኑ። ሁለቱም በሽምደዳ አይሸፈኑም።

የጥያቄና መልስ ጥቅሉን እንይ። ካርዱ ስለ ደም ግፊት ማሳደጊያው መድኃኒት “ኖርኢፒነፍሪን፦ ጠንካራ አልፋ 1፣ መጠነኛ ቤታ 1” ይላል። ትክክል ነው፤ አልፋ 1 የደም ሥርን የሚያጠብ፣ ቤታ 1 ልብን የሚያግዝ ሪሴፕተር (የመድኃኒት መቀበያ) ነው። ፓነሉ ግን እዚያ አያቆምም። ሴፕቲክ ሾክ (ከኢንፌክሽን የመጣ የደም ግፊት መውደቅ) ያለበት ታካሚ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ወስዶ ማፑ (አማካይ የደም ግፊቱ) 55 ላይ ነው፤ ምን ትጀምራላችሁ? ኖርኢፒነፍሪን። ፌኒልኤፍሪን ለምን አይሆንም? ንጹሕ አልፋ 1 ስለሆነ የደም ሥሩን ያጠባል እንጂ ልብን አያግዝም፤ ግፊቱ ሲወጣ ባሮሪሴፕተሮቹ (ግፊት የሚለኩት ነርቮች) የልብ ምቱን ያወርዱታል፣ ካርዲያክ አውትፑትም (ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም) ሊቀንስ ይችላል። እሺ፣ ኖርኢፒነፍሪኑ በኪሎ በደቂቃ 0.25 ማይክሮግራም አልፏል፣ ማፑ ግን 58 ነው። ቫሶፕረሲን፣ በደቂቃ 0.03 ዩኒት። በየትኛው ሪሴፕተር ይሠራል? ታካሚው አሲዶሲስ (የደም አሲድ መብዛት) ውስጥ ሲሆን ለምን ይጠቅማል? ሸምድዶ የመጣ ሰው የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ቪ1 ይላል፣ ከዚያ ዝም። ኖርኢፒነፍሪንን የመሰሉት የካቴኮላሚን መድኃኒቶች ሪሴፕተሮች በአሲድ ውስጥ ሲደክሙ ቫሶፕረሲን ግን በሌላ በር ስለሚገባ ኃይሉ ይበልጥ እንደሚቆይ ካርዱ አልነገረውም።

ጥቅሉ ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። የርእሶች ማውጫ ሆኖ ያገለግላል። ሲሲአርኤንን በቅርቡ ላለፈ ሰው ግን አብዛኛው ይዘት የተከፈለበት ነውና ድርብ ወጪ ይሆናል። ጥራቱን ለመለካት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ በትንሽ መጠን የሚሰጥ ዶፓሚን ኩላሊትን ይጠብቃል የሚል መልስ ካገኛችሁበት ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ዝጉት።

ቪዲዮው ፊዚዮሎጂ ለማደስ ጥሩ ነው። ግን እናንተ ስትናገሩ አይሰማችሁም፤ ከዚህ በላይ የምንለው የለም።

ወደ ሞክ ኢንተርቪው እንምጣ። ጥሩ አገልግሎት ከቀጠሮው በፊት ሲቪያችሁንና የትምህርት ቤቱን ስም ይጠይቃል። ሲቪ ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ ለጥያቄ የተከፈተ ስለሆነ ነው። ሲአርአርቲ (ያለማቋረጥ የሚሠራ የኩላሊት እጥበት) ብላችሁ ከጻፋችሁ ሲትሬቱ ካልሲየምን በማሰር ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ እንደሚያደርግ፣ ጉበቱ የደከመ ታካሚ ላይ ለምን እንደሚጠራቀም፣ ጠቅላላው ካልሲየም ለአዮናይዝዱ (ላልታሰረው) ሲካፈል ከ2.5 ካለፈ ምን ማለት እንደሆነ መመለስ አለባችሁ። ባሉን ፓምፕ (ደም ሥር ውስጥ እየተነፋ ልብን የሚያግዝ ባሉን) ከጻፋችሁ ባሉኑ ዲክሮቲክ ኖች ላይ (የአኦርታው ቫልቭ ሲዘጋ) ለምን እንደሚነፋና ከሲስቶል (ከልብ መኮማተር) በፊት ለምን እንደሚረግብ ይጠየቃል። አንዴ ብቻ የነካችሁትን መሣሪያ ከሲቪው ማውጣት ከነጥያቄው ከመያዝ ይሻላል። ይህን የማይነግር ጠያቂ ሲቪውን አላነበበም።

ቁጥር ሰጥቶ የሚያሠራ ጠያቂ ደግሞ ይመረጣል። ማፕ 60፣ ሲቪፒ (የማዕከላዊው ደም መላሽ ሥር ግፊት) 4፣ ካርዲያክ አውትፑት 8፤ ኤስቪአሩ (የደም ሥሮቹ ተቃውሞ) ስንት ነው? ከ60 ላይ 4 ይቀነሳል፣ ለ8 ተካፍሎ በ80 ይባዛል፣ 560 ይመጣል። መደበኛው ከ800 እስከ 1200 ነው። አመልካቾች ስሌቱን በትክክል ሠርተው እዚያው ይቆማሉ። “ስለዚህ ልቡ እየሠራ ነው፣ የላላው የደም ሥሩ ነው” የሚለው ዓረፍተ ነገር ይቀራል፤ ነጥቡ ያለው ግን እሱ ላይ ነው።

የደም ጋዙም እንዲሁ ነው። ዲኬኤ (ከስኳር በሽታ የመጣ የደም አሲድነት) ያለበት ታካሚ፣ ፒኤች 7.22፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28፣ ባይካርቦኔት 11። ብዙዎች “ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፣ በአተነፋፈስ እየተካካሰ” ይሉና ያርፋሉ። ባይካርቦኔቱን በ1.5 አባዝተው 8 ቢደምሩበት የሚጠበቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 24.5ን ያገኙ ነበር፤ ከዚያ በ2 ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። 28 ከዚህ በላይ ስለሆነ ታካሚው የሚገባውን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተነፈሰ እያስወገደ አይደለም፣ መድከም ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ጠያቂው ከዚህ ቀጥሎ “ቱቦ ከገባለት በኋላ ቬንቲሌተሩን (የመተንፈሻ ማሽኑን) በደቂቃ 14 ትንፋሽ ላይ ብታደርጉትስ?” ካለ ገንዘባችሁ በሥራ ላይ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል፣ ፒኤቹ ይወድቃል፣ ልቡ ሊቆም ይችላል።

የግል ጥያቄዎቹ ላይ አገልግሎቶቹ በጣም ይለያያሉ። ከሁሉ የከፋው መልስ ጽፎ የሚሰጠው ነው። የተጻፈ መልስ ፓነል ፊት ሲነበነብ ወዲያው ይታወቃል፤ ቃላቱ ከአፍ ሲወጡ ዓይን ጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል። “ለምን ሲአርኤንኤ?” ለሚለው ሰው መርዳት እወዳለሁ ማለት ስህተት የለውም፣ ግን ነርስነትም ያንኑ ይሰጣል። ጥሩ ጠያቂ ሥራውን ከሐኪም ጋር በቡድን መሥራትና ያለ ሐኪም ቁጥጥር መሥራት በየግዛቱ እንዴት እንደሚለይ ታውቁ እንደሆነ ይፈትናል፤ ግዛቶች ከፌዴራሉ የሐኪም ቁጥጥር ደንብ መውጣት የቻሉት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ስለ ሠራችሁት ስህተት ሲጠየቅ ደግሞ “አደረግን” የሚሉ አመልካቾች አሉ፤ በራስ ስም መናገር ጉራ ወይም ኃጢአት ይመስላቸዋል። ፓነሉ የሚመዝነው ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው። ጠያቂው ይህን ሰምቶ ሳያርማችሁ ካለፈ ሌላ ፈልጉ።

ጊዜውን በተመለከተ ሁለት ሞክ ይበቃል። የመጀመሪያውን ከኢንተርቪው ሦስት ወይም አራት ሳምንት በፊት፣ ሁለተኛውን አንድ ሳምንት ሲቀረው አድርጉ። በዋዜማው የሚደረግ ሞክ ጉድለት ያሳያል እንጂ የሚያርምበት ጊዜ አይሰጥም፤ እንቅልፍ ነው የሚነሳው። በአጫጭር ጣቢያዎች የሚዘዋወር ኢንተርቪው የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የእናንተ ካልሆነ ለዚያ ልምምድ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ገንዘብ ለማይተርፈው ሰው ያለ ክፍያ የሚገኝ ምትክ አለ። ሻዶው ያደረጋችሁትን (ሥራውን ተከትላችሁ ያያችሁትን) ሲአርኤንኤ ወይም በዩኒታችሁ ማስተማር የሚወድ ሐኪም 30 ደቂቃ ጠይቁ፤ “እባክዎ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ለምን ይበሉኝ” ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁ ሰው ሲያዝንላችሁ ጥያቄውን ያቀልላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ። ጠያቂው ማን ነው? በሥራ ላይ ያለ ሲአርኤንኤ ወይም የአሁን ተማሪ መሆን አለበት፤ በራሳችሁ ዓይነት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የሠራ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ቅጂው ይሰጣችኋል? “እም” የምትሉትን ብዛት በራሳችሁ ጆሮ ካልሰማችሁ አታምኑም። አስተያየቱ በጽሑፍ ነው ወይ? “በጣም ጎበዝ ነሽ፣ በርቺ” ብሎ የሚጨርስ ሰው ደግ ነው፣ ግን ለዚያ እናትም ትበቃለች። አስተያየቱ የትኛው ጥያቄ ላይ፣ በስንተኛው “ለምን” ላይ እንደተሰበራችሁ ካልጻፈ ሁለተኛውን ቀጠሮ ከሌላ ሰው ጋር ያዙ።