«አሥር ፍሬ ይበቃሃል» የሚል መድኃኒት ቤት ካጋጠማችሁ አትግዙ

ወገኖች፣ ሰሞኑን በየቤቱ ጉንፋኑም የጉሮሮ ሕመሙም በርትቷል፤ ስለዚህ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ያለ ማዘዣ፣ በፍሬ እየተቆጠረ የሚሸጠውን አሞክሲሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት) አትግዙ። ለራሳችሁም አትግዙ፣ ለልጆቻችሁማ ጭራሽ አትሞክሩት።

አሻሻጡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጉሮሮው የታመመ ሰው ይገባና «ለቶንሲል የሚሆን ነገር አለ?» ይላል። ሻጩ አፍህን ክፈት አይለው፣ ትኩሳት አለህ ወይ ብሎ አይጠይቀው፣ ባለ 500 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን ከመደርደሪያ ያወርዳል። «ስንት ልስጥህ? አሥር ፍሬ ይበቃሃል።» በመቀስ ቆርጦ፣ በትንሽ ፌስታል አድርጎ፣ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ብሎ ይሸኘዋል። ደረሰኝ የለ፣ ማዘዣ የለ፣ የተጻፈ ነገር የለ። የካርድና የምርመራ ወጪ ስለቀረለት ገዢው ያተረፈ ይመስለዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በቀን ሦስት ጊዜ ከተዋጠ አሥር ፍሬ በአራተኛው ቀን ያልቃል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ በተለይ ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መዘጋት አብረውት ካሉ። ቫይረስን አሞክሲሲሊን አይነካውም፤ ስለዚህ አሥሩም ፍሬ በከንቱ ተዋጠ ማለት ነው። ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ የመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ሩማቲክ ፊቨር (ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳ በሽታ) በሚበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር የአሞክሲሲሊን ሕክምናው 10 ቀን ነው። ያኔ የገዛችሁት የሕክምናውን ሲሶ ብቻ ነው። ዞሮ ዞሮ ገንዘባችሁ ሄዷል።

ሰውን የሚያታልለው በሦስተኛው ቀን የሚሻለው መሆኑ ነው። ጉንፋን ያለ መድኃኒትም በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናውን ግን ካፕሱሉ ይወስዳል። በባክቴሪያ የታመመውም ቢሆን ሕመሙ ቶሎ ይቀልለታል፣ ባክቴሪያው ግን ገና አላለቀም። በሚቀጥለው ጊዜ ሻጩ «ያኔስ ተሽሎህ የለ?» ይላል፤ ገዢውም ያምናል።

በቅጡ ያልታከመ የስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ከሳምንታት በኋላ ሩማቲክ ፊቨር ሊያመጣ ይችላል። መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመለሳል፤ ከዚያ የልብ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት የልብ በር) ሊጎዳ ይችላል። አንዴ ቫልቩ ከተጎዳ ልጁ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል፤ የባሰበት ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል። እኛ አገር በልብ ሕመም ከሚሰቃዩ ወጣቶች ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ነው። ለዚህ ነው የጉሮሮን ነገር እንደ ቀላል አትዩት የምለው። እውነተኛው የባክቴሪያ ሕመም ሙሉ ሕክምና ይፈልጋል፣ የቫይረሱ ምንም አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ አፍ ከፍቶ ያየ፣ አንገት የዳሰሰ፣ ሲያስፈልግም ናሙና የወሰደ ሰው ነው።

ወደ ተቆረጠው ማሸጊያ ልመለስ። የሚያበቃበት ቀንና የምርት መለያ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚታተሙት በማሸጊያው አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። መቀሱ መሐል ላይ ሲያልፍ ያ ጫፍ ወይ ለሌላ ሰው ይደርሳል ወይ መደርደሪያው ላይ ይቀራል፤ እናንተ እጅ ላይ ያለው ስምም ቀንም የሌለው ብልጭልጭ ወረቀት ነው። ጊዜው ያለፈበት ይሁን፣ በኮንትሮባንድ የገባ ይሁን፣ ማን እንዳመረተው፣ በምን ታውቃላችሁ? ነገ ቢያሳክካችሁ ሐኪሙ «ምን ነበር የወሰድከው?» ሲል ምን ታሳዩታላችሁ? ከትልቅ ቆርቆሮ በእጅ እየተቆጠረ በወረቀት የሚጠቀለለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት እንዳገኘው እንኳ ማየት አይቻልም። ማዘዣ ኖሯችሁ በፍሬ የሚሰጣችሁ ከሆነ፣ ከመቆረጡ በፊት ሙሉውን ማሸጊያ አሳዩኝ በሉ፣ ቀኑንና ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቀና ባለሙያ ይህን አይከለክልም።

አሁን ወደ ልጆች ሽሮፕ። ብዙ የማስጠነቅቀው እዚህ ላይ ነው።

እህቴ ለአራት ዓመት ልጇ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ገዛች። ልጁ ትኩሳት ነበረው፣ አፍንጫውም ይፈስ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪም ባዘዘለት ጊዜ «አንድ ማንኪያ በቀን ሦስቴ» እንደነበር ስለምታስታውስ ያንኑ ልትሰጠው ተዘጋጅታለች። ጠርሙሱን አንስቼ ሳየው ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ የበፊቱ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊግራም የያዘ ነበር፤ ይህኛው 250 ነው። በዚያው ማንኪያ ቢሰጠው ልጁ እጥፉን ይወስድ ነበር። ሁለተኛ፣ ይህ መድኃኒት ከፋብሪካ የሚወጣው ደረቅ ዱቄት ሆኖ ነው፤ ይህኛው ግን ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውሃ ገብቶበት፣ ፈሳሽ ሆኖ ነው የተሸጠላት። መቼ እንደተበጠበጠ የሚናገር ምንም ጽሑፍ የለበትም። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። መደርደሪያ ላይ ሳምንታት ቆይቶ ቢሆንስ?

ይዛው ተመለሰች። «መድኃኒት አንዴ ከወጣ አይመለስም» አሏት። ደረሰኝ አልሰጧትም፣ ማዘዣም አልነበራት፣ የምትከራከርበት ነገር የለም። ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ያየችው ሲስተር ጉሮሮውን፣ ጆሮውንና ደረቱን መርምራ ጉንፋን ነው አለች። ፓራሲታሞል በኪሎው መጠን፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ካልተሻለው ደግሞ ተመለሱ። በጥቂት ቀን ዳነ። ጠርሙሱ ተጣለ።

ሐኪም አዞላችሁ ሽሮፕ ስትገዙ እንግዲህ ዱቄቱ ደረቅ መሆኑን፣ ክዳኑም ያልተነካ መሆኑን አይታችሁ ተቀበሉ። ቤት የምትበጠብጡት ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ዱቄቱን አራግፉት፣ ውሃውን ከፊል ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁት፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ሙሉት። አረፋው ሲወርድ መጠኑ ከምልክቱ ዝቅ ይላል፤ ያኔ እንደገና ይሞላል። ይህን ሳያውቁ ቀርተው መድኃኒቱን የሚያወፍሩ እናቶች ብዙ ናቸው። የበጠበጣችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ፍሪጅ ካለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሁልጊዜም ከመስጠታችሁ በፊት ይነቅነቅ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጥና ልጁ መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ድፍርስ ይጠጣል። የቤታችን የሻይ ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያል፤ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። መጠኑን የሚወስነው የልጁ ኪሎ ነው፤ የታላቁን መጠን ለታናሹ አትስጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በገጠር ጤና ኬላ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሕፃን የሳንባ ምች አሞክሲሲሊን ከመስጠቷ በፊት ሰዓት ይዛ የሕፃኑን ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ለሆነው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ትለዋለች። መጥባት ያቃተው ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከፍ ወዳለ የጤና ተቋም ትልካለች። አንድ ደቂቃ ነው፤ መሣሪያም ብዙ አያስፈልገውም። ከተማ ላይ፣ ነጭ ጋወን ለብሶ፣ ይህችን አንድ ደቂቃ ለልጃችን የነፈገ ሰው መድኃኒት ሲሸጥልን ዝም ማለት የለብንም።

ሻጩ የማይጠይቀው ሌላ ትልቅ ጥያቄ አለርጂ ነው። አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ነው። ፔኒሲሊን ተወግቶ ሰውነቱ ያበጠ፣ ሽፍታ የወጣበት፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው አሞክሲሲሊንን፣ አምፒሲሊንን፣ ክሎክሳሲሊንንም መውሰድ የለበትም። ኦግመንቲን የሚባለውም በውስጡ አሞክሲሲሊን አለው፤ ስሙ ስለተለየ ብቻ ሌላ መድኃኒት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ከዋጣችሁ በኋላ ከንፈር፣ ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ከጠበበ፣ ራስ ካዞረ፣ ይለቀኛል ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ሆስፒታል በፍጥነት፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ። ደም የተቀላቀለበት ወይም የማያቋርጥ ተቅማጥም ወደ ሐኪም ያስኬዳል። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) ወይም ሜቶትሬክሴት (ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

«ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» የሚለው ትእዛዝም ጎዶሎ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ማለት በየ8 ሰዓቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለምሳሌ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት። ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ እራት ላይ የሚወስድ ሰው ከእራት እስከ ቁርስ ረጅም ሌሊት መድኃኒት አልባ ሆኖ ያድራል። ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ብላችሁ የቀኑን አትዝለሉ፣ ወይም ሁለቱን ባንዴ አትዋጡ። ለሐኪሙ ንገሩት፤ እንደ ሕመሙ ሁኔታ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድበት አሰጣጥ ሊኖር ይችላል። የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ፣ ለታመመ ሰው ፈቃድ አይነፍጉም። ሙስሊም ወንድም እህቶቼም በረመዳን ያው ነው፤ ለታመመ ሰው የተፈቀደውን ታውቃላችሁ።

አሞክሲሲሊኑ «አልሠራ ሲል» የሚመጣው ሁለተኛው ሽያጭ ደግሞ የበለጠ ያስፈራኛል። «ጠንከር ያለ ልስጥህ» ይባላል፤ አዚትሮማይሲን ወይም ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የሚባሉ ሌሎች አንቲባዮቲኮች ይወጣሉ። ለቫይረስ ሕመም አንዱም አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. አንቲባዮቲኮችን በቡድን ሲከፍል አሞክሲሲሊንን በቀዳሚነት ከሚሰጡት፣ አዚትሮማይሲንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን ግን በጥንቃቄ ከሚጠበቁት አድርጎ ያስቀመጣቸው በምክንያት ነው። ሲፕሮ ጅማት እስከ መበጠስ እንደሚያደርስ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ከባዱን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል፤ በ2016ም ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ለሳይነስና ለብሮንካይትስ (የትንፋሽ ቧንቧ ብግነት) እንዳይሰጥ መክሯል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ንግግሩ ላይ፣ ሰው ሱቅ ገብቶ መድኃኒቱን በሚገዛበት ጊዜ ያላግባብ ትንሽ መጠን እየወሰደ ጀርሞቹን ያላምዳል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ያንን ነው በየሰፈሩ የምናደርገው፤ ነገ የእውነት የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ነው መድኃኒቱ የሚከዳው።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም፣ የተረፈ ኦግመንቲን በሻንጣ ለእናት ለአባት አትላኩ። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የመጣ ስለሆነ ይሻላል ብለው ለጎረቤት ሁሉ ያካፍሉታል። መርዳት ከፈለጋችሁ የምርመራውን ገንዘብ ላኩ። ከዚህ አስልካችሁ እዚያ የምትወስዱም እንዲሁ፤ የሐኪም ቀጠሮ ውድ መሆኑ ይገባኛል፣ ግን ማን እንዳስቀመጠው ያላወቃችሁት ካፕሱል ቀጠሮውን አይተካም።

ማዘዣ ይዛችሁ ስትገዙ መጠኑንና የቀኑን ብዛት በወረቀት አጽፉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሐኪሙ የወሰነውን ቀን ጨርሱ። ቢሻላችሁም ማቋረጥ ሲያስፈልግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ያለ ማዘዣ የሚከለክላችሁ ፋርማሲስት ካጋጠማችሁ አትቆጡት፤ ገበያ እያጣ ነው ሕጉን የሚያከብረው፤ ደንበኛው ሁኑ።

በሕጋችን አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ጊዜው ያለፈበት፣ ተከፍቶ የተበጠበጠ፣ ወይም የሚያጠራጥር መድኃኒት ከተሸጠላችሁ፣ ወይም መድኃኒት ጉዳት ካደረሰባችሁ፣ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ደውሉ። የመድኃኒቱን ስም፣ የምርት ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የገዛችሁበትን ቦታና ቀን ያዙ፤ የተረፈውን አትጣሉ፣ ከነማሸጊያው አስቀምጡት።