ሮቶው እና የገብርኤል በር፦ በሐዋሳ ስለተከታተልነው የፊዚክስ ማጠናከሪያ ትምህርት

የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ዘንድሮ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ ፊዚክስ ስትማር ቆይታለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ይሞቃል። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን መምህሩ ኮረንቲን ያስተማሩበት መንገድ ነው።

መምህሩ ቀመር ከመጻፋቸው በፊት ተማሪዎቹ ሁለት ነገሮችን እንዲያስቡ ያደርጋሉ። አንደኛው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ነው፤ ከፍ ባለ መጠን በቧንቧው የሚወርደው ውሃ ይበረታል፣ ኮረንቲውን የሚገፋው ቮልቴጅም በዚህ ይመሰላል። ሁለተኛው ታኅሣሥ 19 ቀን ከገብርኤል ንግሥ የሚመለሰው ሕዝብ ነው፤ በሩ ሲጠብ ሰዉ ይዘገያል፣ በጎን ሌላ በር ሲከፈት ግን፣ ሁለተኛውም ጠባብ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ሰው ይበዛል። ልጄ ሬዚስተር (የኮረንቲን ፍሰት የሚገታ ዕቃ) በትይዩ፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ሲጨመር ጠቅላላው ኮረንቲ ለምን ከፍ እንደሚል ለወራት አልገባትም ነበር፤ የበሮቹን ነገር ከሰማች በኋላ ግን ማታ እራት ላይ እሷው አስረዳችኝ። ምሳሌው የማይገጥምበትንም ይጠይቋቸዋል፦ ቧንቧ ሲቆረጥ ውሃው ይፈስሳል፣ ሽቦ ሲቆረጥ ግን ኮረንቲው ይቆማል።

በአንድ ምሳሌ አለመወሰናቸው ትክክል ይመስለኛል። ተመራማሪዎቹ ዴድሬ ጄንትነርና ዶናልድ ጄንትነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ ኤሌክትሪክን እንደ ውሃ የሚያስቡ ሰዎች የባትሪ ጥያቄዎችን፣ እንደ ሕዝብ ፍሰት የሚያስቡት ደግሞ የሬዚስተር ጥያቄዎችን በተሻለ ሁኔታ መልሰዋል።

ቅሬታዬ በመልመጃ ወረቀቱ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ «የሮቶ» እና «የበር» በሚሉ ርእሶች ተከፋፍለው ስለሚቀርቡ፣ የትኛው ምሳሌ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን የሚመርጠው ተማሪው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሜሪ ጊክና ኪት ሆሊዮክ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳዩት ችግር ይኸው ነበር፤ ሠራዊቱን ከፋፍሎ በብዙ መንገድ ወደ ምሽግ ስለላከ የጦር አዛዥ ያነበቡ ሰዎች፣ ዕጢን ጤናማውን አካል ሳይጎዱ በጨረር ስለማጥፋት ሲጠየቁ፣ ታሪኩን እንዲጠቀሙበት ፍንጭ ካልተሰጣቸው አብዛኞቹ መፍትሔውን አላገኙም፤ ፍንጩ ሲሰጣቸው ግን ብዙዎቹ ደካማ ጨረሮችን ከየአቅጣጫው ማሳረፍ እንደሚቻል ደርሰውበታል። በፈተና ቀን ፍንጭ ሰጪ የለም። ጥያቄዎቹ ያለ ርእስ ተደባልቀው እንዲቀርቡ ለመምህሩ ነግሬአቸዋለሁ፤ ከሚቀጥለው ምዕራፍ ጀምሮ እንደሚያስተካክሉት ቃል ገብተውልኛል፣ እኛም ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተመዝግበናል።