ድራፍት ቤት ወይስ ቢራውን እዚያው የሚጠምቅ ቤት?

ከጓደኞቻችሁ ጋር ከመቀጣጠራችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። የምትወጡት ለቢራው ነው ወይስ ለሥጋው? አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱንም እኩል አሳምሮ የሚያቀርብ ቤት ብዙ አይደለም።

ቢራውን ራሱ ጠምቆ የሚሸጥ ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው ቦሌ፣ ኤድና ሞል አካባቢ ያለውን ቢራ ጋርደን ነው። አጠማመቁ የጀርመን ነው። ዋናዎቹ ቢራዎቹ ሁለት ናቸው፣ ፈካ ያለው ብሎንዲና ጥቁሩ ኢቦኒ። የጀርመን ስልት የሚባለው መነሻው እ.ኤ.አ. በ1516 ባቫሪያ ላይ የወጣው ሕግ ነው፤ ቢራ ከውሃ፣ ከገብስና ምሬቱን ከሚሰጠው ተክል፣ ከሆፕስ፣ በቀር ምንም እንዳይገባበት ያዘዘ ሕግ።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ ቢራውን አያጣሩትም። ስለዚህ ብርጭቆው ውስጥ ደፍረስ ብሎ ስታዩት ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት። እርሾው ስላልወጣ ነው። ወፈር ያለ፣ ዳቦ ዳቦ የሚል ጣዕም የሚሰጠውም እሱ ነው። ጥቁሩን ደግሞ «ይመታል» ብለው የሚሸሹት አሉ። ቀለሙ የሚመጣው በደንብ ከተቆላ ብቅል እንጂ ከአልኮሉ ብዛት አይደለም። ጥቁር ጠላ የሚወድ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ እዚያም ጠላውን የሚያጠቁረው የእህሉ አቆላል ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ከሁለቱም በትንሽ ብርጭቆ ቅመሱ፣ ከዚያ በወደዳችሁት ቀጥሉ እላለሁ።

ድራፍት ቤት ሌላ ዓለም ነው። ቢራው ፋብሪካ ተጠምቆ በበርሜል ይመጣል። ጊዮርጊስ በሉት፣ ዳሽን በሉት፣ ሐበሻ፣ ጣዕሙን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ጃምቦ ወይ ሲንግል ብሎ ማዘዝ ነው፤ ሜኑ ላይ ማፍጠጥ የለም። ልዩነቱን የሚያመጣው ቤቱ ነው። ሰው የሚበዛበት ቤት በርሜሉን ቶሎ ስለሚጨርስ ሁሌም ትኩስ ይቀዳል፤ ጭር ያለ ቤት ግን ትናንት የተከፈተውን ሊያጠጣችሁ ይችላል። ብርጭቆውንም እዩት። እየጠጣችሁ ስትወርዱ አረፋው ጎኑ ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ከቀረ ንጹሕ ነው። አረፋው ወዲያው ከጠፋና ትንንሽ የአየር ነጠብጣቦች መስታወቱ ላይ ከተለጠፉ ግን ብርጭቆው ከጥብሱ ሳህን ጋር አንድ ላይ ታጥቧል ማለት ነው፣ ቅባት አለው። ይቀየርልኝ በሉ፣ አትፈሩ። እንዲህ ያለው ነገር ጥሩ ቢራ ያበላሻል፣ ለዚያውም በከፈላችሁበት።

ምግቡ ላይ ስንመጣ ድራፍት ቤት ያሸንፋል፣ በተለይ ሥጋ ቤት ካለው። ሥጋውን አንጠልጥለውት እያያችሁ ትመርጣላችሁ፣ ግማሹን ቁርጥ፣ ግማሹን ጥብስ ታስደርጋላችሁ፤ አዋዜው፣ ሚጥሚጣው፣ ሰናፍጩ ይመጣል። ከቁርጥና ከሚጥሚጣ ጋር ቀዝቃዛ፣ ቀለል ያለ ድራፍት ነው የሚሄደው፤ ወፍራም ቢራ እዚያ ላይ ይከብዳል። የሚጠምቀው ቤት ደግሞ ቋሊማ፣ ሽኒትዝል፣ ድንችና የመሳሰለውን የጀርመን ምግብ ነው የሚያቀርበው። ጠቆር ያለው ቢራ ከተጠበሰ ቋሊማ ጋር በጣም ይስማማል። ግን ከማዘዛችሁ በፊት ቋሊማው የምን ሥጋ እንደሆነ ጠይቁ። የጀርመን ምግብ ላይ የአሳማ ሥጋ የተለመደ ነው፣ አብሯችሁ ካሉት ውስጥ የማይበላ አይጠፋም። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ከመሳቀቅ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ጾም ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ሁዳዴ ላይ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ረቡዕና ዓርብም ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ድራፍት ቤት መሄድ ብዙም ትርጉም የለውም። ከመካከላችሁ የሚጾምም የማይጾምም ካለ የሚጠምቀው ቤት ይሻላል፤ ድንቹም ሰላጣውም ስላለ ማንም ጦሙን አያድርም።

ዋጋው? ብር በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር መጥራት አይጠቅምም፤ ድራፍቱ ግን ርካሽ ነው። የሚጠምቀው ቤት ስትሄዱ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ያካተተ መሆኑን አረጋግጡ። 10 በመቶ ሰርቪስ የሚያስከፍል ቤት ከሆነና 15 በመቶ ቫት ከላዩ ከተደመረ፣ 1,000 ብር ያላችሁት ሒሳብ 1,265 ሆኖ ይመጣል።

ስለ ታወሩም፣ ስለዚያ ባለ ቧንቧ ረጅም የቢራ መቅጃ፣ ልናገር። ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ያምራል፣ ሁሉም ሰው ፎቶ ያነሳዋል። ግን 3 ሊትር ማለት 6 የግማሽ ሊትር ብርጭቆ ነው። ለ2 ሰው ካዘዛችሁት የመጨረሻው ብርጭቆ ሞቆና ጋዙ ወጥቶ ነው የሚደርሳችሁ። 5 ወይ 6 ከሆናችሁ እዘዙ፣ ካልሆነ በየብርጭቆው ይቀዳላችሁ።

ለ2 ወይ ለ3፣ ጣዕሙን እያጣጣማችሁ ለማውራት ከሆነ ሰው በማይበዛበት የሥራ ቀን የሚጠምቀው ቤት ሂዱ። ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለኳስ ከሆነ ድራፍት ቤት ነው። የትም ሂዱ፣ መኪናውን ቤት ትታችሁ እንደ ራይድና ፈረስ ባሉ በስልክ በሚጠሩ ታክሲዎች ሂዱ።